አንድ ጎተራ፣ ሁለት ድስት

ምሳሌ ነውና ሰዎቹን በስም አትፈልጓቸው። ቦታው ግን እውነተኛ ነው። በኅዳር ደብረ ብርሃን ያደረ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። ውርጩ የሣሩን ጫፍ ያነጣዋል፤ ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ ላዩ ይረጋል፤ ሽማግሌዎች ፀሐይ ግድግዳውን እስክትነካ ከቤት አይወጡም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወደዚህ ብርድ ከወለጋ የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች መጥተው በቻይና ካምፕ፣ በባቄሎ፣ በኪራይ ቤትና በዘመድ ጓዳ ተጠልለዋል። ከመካከላቸው ወላጆቻቸው በ1977ቱ ረኀብ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ ወደ ምዕራብ የሄዱ አሉ። ወሎዬ ከሆኑ ደግሞ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ነው የሄደው፤ አብሮ ነው የተፈናቀለው። ታሪኩ የሚጀምረው ከነዚህ ሰዎች አንዷ ሦስት ልጆቿን ይዛ አንድ ማዕድ ቤት በር ላይ ስትደርስ ነው።

ማዕድ ቤቱ የአንድ ደብር ሴቶች የጽዋ ማኅበር ነበር። በየወሩ በማርያም ቀን ንፍሮ ቀቅለው፣ ዳቦ ጋግረው ነዳያንን ያበሉ ነበር። ተፈናቃዩ ሲበዛ የወር የነበረው የየቀን ሆነ። ሴቶቹ ከጓዳቸው አወጡ፤ ከባሎቻቸው ጎተራ አወጡ፤ አለቀ። ያን ጊዜ መንግሥት መጣ። ስንዴ፣ ዘይትና ክክ፣ ለጨቅላዎች የዱቄት ወተት፣ ለበዓል አንድ በሬ እንዲሁም የማገዶና የሁለት ምግብ አብሳዮች ገንዘብ ሊሰጥ ተስማማ። አንድ ገጽ ውል ተፈረመ። ውሉ ማኅበሩ ለችግረኞች በየቀኑ አንድ ጊዜ ትኩስ ምግብ እንዲያቀርብ ይላል። ከዚያ በቀር ስለ ምንም ነገር አያወሳም።

የማዕድ ቤቱ ኃላፊ አንዲት እማሆይ ነበሩ። መዳፋቸው በምጣድ ግለት ደድሮ ትኩስ ድስት ያለ ጨርቅ ያወርዳሉ። ከሥራቸው ደግሞ አንድ ወጣት አስተባባሪ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለነገሩ ቁም ነገር ስላለው ነው፤ በደል የሚመጣው ከክፉ ሰው ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። ወጣቱ ያስቸገረው ግፊያ ነበር። አምስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ በር ላይ ሲረባረብ ሕፃን ይረገጣል፣ ሽማግሌ ይወድቃል። ስለዚህ ሥርዓት አበጀ። ሁሉም አስቀድሞ አዳራሽ ይገባል፤ እማሆይ አባታችን ሆይን ያደርሳሉ፤ አሜን ሲባል በሩ ይዘጋል፤ እደላው ይጀመራል። ለስም መመዝገቢያም የማኅበሩን የቆየ ደብተር አወጣ። ደብተሩ ላይ የተሠመሩት ረድፎች ስም፣ የክርስትና ስም፣ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ብዛት ይላሉ።

ሴትየዋ ሙስሊም ናት። በመጀመሪያው ቀን ጸሎቱ እስኪያልቅ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆየች። አሜን ሲባል ስትመጣ በሩ ተዘግቷል። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን የሰባት ዓመቱ ልጇ እጇን ለቆ ሮጠና ከሰው እግር መካከል ሾልኮ ገባ። አስተባባሪው ደብተሩን እንደያዘ ስሙን ጠየቀው፤ ነገረው። የክርስትና ስሙን ጠየቀው። ልጁ ዝም አለ። ከፊቱ የነበረው ልጅ ሲመለስ ሰምቶ ስለነበር፣ እሱም «ገብረ ማርያም» አለ። ተጻፈለት። አንድ ሳህን ሽሮና ሁለት እንጀራ ይዞ እየሮጠ ወጣ፤ ለእናቱም እንዴት እንዳገኘው በኩራት ነገራት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልመጣችም።

ወሬው በገበያ በኩል ከአልዩ አምባ መጥተው ደብረ ብርሃን ለሚነግዱ አንድ አዛውንት አርጎባ ደረሰ። ሽማግሌው ወደ ማመልከቻ ጸሐፊ ሄዱና ግማሽ ገጽ አስጻፉ። ማመልከቻው ከቢሮ ወደ ቢሮ ተመራና በመጨረሻ በአንድ የመንግሥት የሕግ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ዐረፈ። ጉዳዩ፦ የሕግ አስተያየት ስለመጠየቅ።

የሕግ ባለሙያው የአንኮበር ልጅ ነው። ገና ወጣት፣ ንባቡ ጥሩ፣ እጁም ከጉቦ የጸዳ። መዝገቡን በጠዋት ከፍቶ ከምሳ በፊት ዘጋው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። በአንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ መሆን እንዳለበት ይላል፤ ትምህርት እንዲህ ከሆነ ምገባውም እንዲሁ ነው አለ። የመንግሥት ስንዴ ጸሎት በሚደረግበት ቤት መበሰሉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል፤ ስለዚህ ውሉ ይቋረጥ ብሎ ጻፈ። ጽሑፉ ንጹሕ ነበር፤ አንድ ቃል የማይጎድልበት፣ አንድ ቃል የማይተርፍበት። ኃላፊው አንብቦ ፈረመ፤ ማኅተም አረፈበት። ሰኞ ዕለት ስንዴው ቆመ፤ ማክሰኞ ምድጃው ጠፋ።

ሐሙስ ጠዋት አዛውንቱ ነጋዴ ቢሮው ድረስ መጡ። ወጣቱ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበር ሳበላቸው። ሊያመሰግኑት የመጡ መስሎት ነበር።

«እርስዎ ነዎት አመልካቹ? ማመልከቻዎ ተቀባይነት አግኝቷል» አላቸው።

አልተቀመጡም። «ልጄ፣ እኔ የከሰስኩት በሩን ነው» አሉት። «አንተ ድስቱን ደፋኸው።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቃቸው። ነገሩት። አምስት መቶ ሰው ከማክሰኞ ጀምሮ ጾሙን ነው። ያቺ ሴት ራሷ በጎረቤቷ ልጅ በኩል በነጠላ ተጠቅልሎ የሚደርሳት እንጀራ ነበራት፤ እሱም ቀርቷል፤ ጎረቤቷም የምትበላው የላትም። ክርስቲያኖቹ ምግቡን ያስቀረችብን እሷ ናት ብለው በክፉ ዓይን ማየት ጀምረዋል። «መብቷን አስከበርክላት» አሉት። «አሁን ከድንኳኗ መውጣት ፈርታለች።»

ከዚያም ከበሩ ሳይወጡ ዞር ብለው አንድ ነገር ጨመሩ። «አባትህን ዐውቀዋለሁ። በሠርጉ ቀን የእኛን በግ ያረድኩት እኔ ነኝ።»

እዚህ ላይ ለማያውቅ አንባቢ የአገሩን ልማድ መናገር አለብኝ፤ ለኔ የታሪኩ ልብ ያለው እዚህ ነውና። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ አንኮበር የደረሰ ሰው ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ሲመለከት ከደጋው ቁልቁል ቆላው እስከ አፋር ሜዳ ተዘርግቶ ያያል። ከአፋፉ ሥር አልዩ አምባ አለች። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን የጨው፣ የቡናና የጨርቅ ነጋዴ የሚወጣው በዚያ በኩል ነበር። ላይኛው ክርስቲያን ነው፤ ታችኛው ሙስሊም ነው። ተጋብተው አያውቁ ይሆናል፤ ሳይገበያዩና ሳይጠራሩ ግን ኖረው አያውቁም። ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ታዲያ የላይኛው ሲድር የታችኛውን እንዴት ይጋብዘዋል?

ደጋሹ በጉን በሕይወቱ ይሰጣል። ማገዶውን፣ ዱቄቱን፣ ቅቤውንና በርበሬውን ይሰጣል። ለእንግዶቹ ለብቻቸው ዳስ ይጥላል። ድስቱን ከዚያው ከሙስሊም ጎረቤት ያስመጣል፤ ቢላዋውንም ባለቤቶቹ ይዘው ይመጣሉ። አራጁ ከነሱ ነው፤ ሠሪዋም ከነሱ ናት። ጎተራው የደጋሹ ነው፤ ድስቱ የበላተኛው። ያ ገበሬ አንድም ቀን «የእናንተ ሃይማኖት የኔ ስላልሆነ በግ ብሰጥ ጣልቃ መግባት ይሆንብኛል» ብሎ በጉን አላስቀረም። «ድግሱ የኔ ነው፤ የኔን ቢላዋ ያልወደደ ይቅርበት» ብሎም አላረደባቸውም።

ወጣቱ ይህን ሁሉ ያውቀዋል። እናቱ ለድግስ ጊዜ ከአልዩ አምባ ድስት ስትዋስ እሱ ነበር ተሸክሞ አቀበቱን የወጣው። ድስቱ ሲመለስ ባዶውን አይመለስም ነበር፤ ጥቂት ባቄላ ወይም ገብስ ይደረግበታል። ነገር ግን የሕግ ትምህርት ቤት ሲገባ ያን ድስት ደጅ ትቶት ነው የገባው። ይህ የእሱ ብቻ ጥፋት አይመስለኝም። ሕግን ከውጭ አገር መጻሕፍት ተምረን የራሳችንን አገር ሥርዓት ደግሞ የገበሬ ወግ ብለን ከናቅነው ሰንብቷል።

በዚያን ሌሊት ከቢሮው አልወጣም። የቆዩ የነጋሪት ጋዜጣ ጥራዞችን አወረደ። ከሱ በፊት ይህን ጥያቄ የጠየቁ ሰዎች ምን እንዳሉ ለማየት ነበር። ጥያቄው አዲስ አልነበረም። በ1936 ዓ.ም. መንግሥት ስለ ሚሲዮኖች ደንብ አውጥቶ አገሪቱን ለሁለት ከፍሎ ነበር። ክፍት በተባለው አካባቢ ሚሲዮኖች እንዲያስተምሩና እንዲያሳምኑ ተፈቀደ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ በተባለው ግን ሆስፒታል መክፈትና ወገንተኛ ያልሆነ ትምህርት ማስተማር ይችላሉ፤ ሰውን ከእምነቱ ማውጣት አይችሉም። ወጣቱ ይህን ሲያነብ ልቡ ዘለለ። አገልግሎቱን ከስብከቱ መለየት ይቻላል ያለ ሕግ በአገራችን ነበረ ማለት ነው።

ደጋግሞ ሲያነበው ግን የጎደለውን አየ። ደንቡ የሚጠብቀው ክልልን ነው። ይህ መሬት የማን ነው፣ ያኛው የማን ነው ይላል። አልጋ ላይ የተኛውን በሽተኛ አንተስ ምን ትላለህ ብሎ አይጠይቀውም። ክፍት በተባለው አካባቢ ያለ በሽተኛ መድኃኒቱን በስብከት ቢገዛ የሚከለክል የለም። እንዲህ መሆኑ አያስደንቅም፤ ከደንቡ በኋላ በወጣው በ1948ቱ ሕገ መንግሥት እንኳ በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት የምትደገፍ የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። የዚያን ዘመን ንጉሠ ነገሥት ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው ብለዋል ይባላል፤ የሕጉ ፊደል ግን ከአባባሉ ጋር አልተስማማም ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች ለእኩልነት ሰልፍ ሲወጡ ብዙ ክርስቲያኖችም አብረው የወጡት ለዚህ ነው።

ከዚያም ወደ ኋላ ሄደ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስና አንኮበር ቤተ መንግሥት የነበራቸው የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ቦሩ ሜዳ ላይ የሃይማኖት ጉባኤ አደረጉ። ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። የተሰደደ ተሰደደ፤ የሞተ ሞተ፤ የቀረው ቀን ክርስቲያን፣ ሌት እስላም ሆኖ ኖረ። ወጣቱ መጽሐፉን ዘጋው። የሰባት ዓመቱ ልጅ ትዝ አለው። አያቶቹ በጦር ፊት ያደረጉትን ያ ሕፃን በሽሮ ፊት አደረገው። ጦር የያዘ ንጉሥ የለም፤ ያለው ግፊያ የሰለቸው ቅን ወጣትና አንድ የተሠመረ ደብተር ብቻ ነው። ስንዴው ግን የመንግሥት ስንዴ ነበር።

ወደ ራሱ ጽሑፍ ተመለሰ። አንቀጽ 90ን እንደገና አነበበ። እሱ የጠቀሰው ንዑስ አንቀጽ 2ን ነበር። ከዚያ በላይ ያለው ንዑስ አንቀጽ 1 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ኢትዮጵያውያን ሁሉ የጤና፣ የትምህርት፣ የንጹሕ ውሃ፣ የመኖሪያ፣ የምግብና የማኅበራዊ ዋስትና ተጠቃሚ እንዲሆኑ ያዛል። ምግብ ይላል። ዓይኑ እሱን ዘሎ ነበር ወደ ታች የወረደው። አንቀጽ 27ን ከፈተ። ማንም ሰው የሚፈልገውን እምነት የመያዝ ነጻነቱን በኃይል ወይም በሌላ ሁኔታ በማስገደድ መገደብ አይቻልም። «በሌላ ሁኔታ» የሚለው ላይ እርሳሱን አሳረፈ፤ የተዘጋ በር፣ የሞላ ድስት፣ የራበው ልጅ። ቀጥሎ ያለው ንዑስ አንቀጽ ደግሞ ወላጆች ልጆቻቸውን በራሳቸው እምነት የማሳደግ መብት አላቸው ይላል። ያቺ ሴት የሸሸችው ለዚህ ነበር። ልጇ ጠግቦ ስሙን ጥሎ እንዳይመጣ።

ወጣቱ ከመጀመሪያው የተሳሳተው ሕጉን ባለማወቁ አይደለም። አንቀጽ 11ን ያነበበው መንግሥት እጁን እንዳያቆሽሽ የሚል አድርጎ ነው። ስለ መንግሥት ንጽሕና ነበር ያሰበው። መንግሥት በ1936 ስለ ቤተ ክርስቲያን ክልል፣ ዛሬ ደግሞ ስለ ራሱ ንጽሕና ሲያስብ፣ በሁለቱም ጊዜ ሳህን ይዞ የቆመው ሰው አልተጠየቀም። እኔም የማምነው ይህንኑ ነው። የሃይማኖት ተቋም ከመንግሥት ሳንቲም መቀበል የለበትም የሚሉ አሉ፤ የበዛው ሕዝብ ክርስቲያን ነውና ትንሽ ጸሎት ማንን ይጎዳል የሚሉም አሉ። ሁለቱም ክርክራቸውን ከአዳዩ ጭልፋ በኩል ቆመው ነው የሚያደርጉት። ወደ ሳህኑ በኩል ዞሮ ለቆመ ሰው ጥያቄው ሌላ ነው፦ ስለ እምነቴ የምመልሰው መልስ ምግቤን ይቀይረዋል ወይ?

ሌሎች አገሮችም እዚህ ላይ ተንገላተዋል። በጀርመን ካሪታስና ዲያኮኒ የሚባሉት የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ድርጅቶች በአብዛኛው በሕዝብ ገንዘብ ብዙ ሆስፒታልና የአረጋውያን ቤት ያስተዳድራሉ። አሜሪካ ውስጥ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ የሃይማኖት ድርጅቶች የመንግሥት ገንዘብ ወስደው ችግረኛን እንዲረዱ ፈቀደ፤ ገንዘቡን ለአምልኮ እንዳያውሉት፣ ተረጂውንም በእምነቱ እንዳይለዩት ደግሞ ከለከለ። የእኛዋ ቤተ ክርስቲያንም የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንን በ1964 ዓ.ም. አቋቁማ የእርዳታውን ሥራ በእሱ በኩል ታካሂዳለች። መንገዱ የተረገጠ ነው፤ ወጣቱ ብቻውን አልነበረም።

ዓርብ ማለዳ ወደ ማዕድ ቤቱ ሄደ። አመዱ ቀዝቅዟል። እማሆይ ከባዶው ጎላ ድስት አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

«ጸሎቱን ልትከለክለኝ መጣህ?» አሉት።

«አይደለም እማሆይ። ስለ በሩ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

ስለ ልጁ ነገራቸው። አልሰሙም ነበር። «ገብረ ማርያም» የሚለውን ሲሰሙ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ብዙ ቆይተው «እመቤቴ ይቅር ትበለኝ፤ እሷን በሽሮ ሸጥኳት» አሉ። ቀጥለው ግን ቆጣ አሉና «ጸሎት የሌለበት እንጀራ ግን አልሰጥም፤ ያን ከምሰጥ ውልህን ይዘህ ሂድ» አሉት። ወጣቱ የሚመልሰው አጣ። ሁለቱም ዝም ብለው ተቀመጡ። ለእንዲህ ያለ ሰው ሕግ ምን ይላል? መንግሥት ከእማሆይ የፈለገው እጃቸውን ነው፤ እጃቸው ግን ያለ ልባቸው አይመጣም። ሴቶቹ ያን ሁሉ ቀን ያለ ደመወዝ የጋገሩት ስለሚያምኑ ነበር።

«ሊጡን የሚያቦኩት ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ጠየቃቸው ቆይቶ።

«ከሌሊቱ 10 ሰዓት።»

«ያን ጊዜ ማን አለ?»

«እኔና ምጣዱ።»

ሌላ አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም ገባቸው። ከሌሊቱ በ10 ሰዓት በሊጥ ላይ የሚባለውን ነገር የሚመረምር መንግሥት የለም፤ ሊኖርም አይገባም።

ውሉ ተስተካክሎ ይቀጥል የሚለው ሁለተኛው የሕግ አስተያየት አራት ገጽ ሆነ፤ እንደ መጀመሪያውም አላማረም። ስርዝ ድልዝ ነበረበት። ቀላሉ ቶሎ አለቀ። ከደብተሩ ላይ የክርስትና ስም የሚለው ረድፍ ይውጣ፤ ማንም ሃይማኖቱን አይጠየቅ። ጸሎት የፈለገ ከእደላው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ በጎን ባለው ክፍል ይጸልይ፤ ያልፈለገ ግን ቦታውንም ተራውንም አያጣ። ግፊያውን ተራ ቁጥር ያስተካክለው። ይህ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ በቃል ይነገር።

ከባዱ ሥጋው ነበር። በበጀቱ ለበዓል አንድ በሬ ተይዟል። አንድ በሬ በሁለት ቢላዋ አይታረድም። ወጣቱ የአባቱን ሠርግ አሰበና በበሬው ፈንታ የመንዝ በጎች ይገዙ፤ ከፊሉ በክርስቲያን፣ ከፊሉ በሙስሊም እጅ ይታረዱ፤ ድስቱም ሁለት ይሁን ብሎ ጻፈ። የፋይናንስ ሠራተኛው ግዥው አስቀድሞ በበሬ መታቀዱን እያነሣ አጉረመረመ፤ ልክም ነበረው፤ ዕቅዱን ለማስለወጥ ሦስት ሳምንት ፈጀ። የጾሙም ነገር ቀላል አልነበረም። ምግቡ እዚያው ይበላ የሚለው ደንብ በረመዳን ጾመኛውን ሙስሊም ከምግቡ ይለየዋልና፣ የፈለገ በዕቃ ወስዶ ማታ እንዲያፈጥርበት ተፈቀደ። ለጨቅላዎች የሚሰጠው የዱቄት ወተት ረቡዕና ዓርብም እንዳይቋረጥ ተጻፈ፤ በዚህስ እማሆይም «ሕፃን ምን ጾም አለበት?» ብለው ተስማሙ።

በመንግሥት ገንዘብ ስለሚቀጠሩት ሁለት ምግብ አብሳዮችም ብዙ አሰበ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሠራተኞች መካከል በሃይማኖት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ይሁንና ያው አዋጅ የሃይማኖትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሥራ ግንኙነት በደንብ ተለይቶ እንዲታይ የሚያስችል በር ትቷል። ደመወዙ ከሕዝብ ከሆነ ቅጥሩ ለሁሉም ክፍት ይሁን ብሎ ደመደመ። ማኅበሩ በራሱ ገንዘብ የሚያሠራውን ግን እንደ ወደደ ይምረጥ።

አንድ ነገር ሳይቋጭለት ቀረ። አዳራሹ ግድግዳ ላይ ትልቅ የእመቤታችን ሥዕል አለ። ይውረድ ወይስ ይቅር? ሽማግሌው ነጋዴ ሴትየዋን ይዘዋት በመጡ ቀን ራሷን ጠየቃት።

«ሥዕሉ ያስቸግርሻል?»

«ምን አደረገኝ?» አለችው። «መርየም በእኛም ቁርኣን በስሟ የተጠራ ምዕራፍ አላት። እኔን ያስቸገረኝ ግድግዳው አልነበረም።»

መልሱ አስደሰተው፤ ግን አላሳረፈውም። እሷ ስለተወችው ነገ የሚመጣው ሌላ ሰው ይተወዋል ማለት አይደለም፤ የእሷን ቸርነት ሕግ አድርጎ በሌላው ላይ መጫንም ልክ አይደለም። በሌላ በኩል ቤቱ የሴቶቹ ነው። መንግሥት ስንዴ ሰጠ እንጂ ግድግዳውን አልገዛም። ለጊዜው ይቆይ፤ ቅሬታ ከመጣ በድጋሚ ይታይ ብሎ ጻፈ። ኃላፊው ይህን ሲያነብ «ይሄማ ውሳኔ አይደለም» አለው። አዎ፣ አልነበረም። ቢሆንም እኔ ከአራቱ ገጽ ሁሉ ይህን አንቀጽ እወደዋለሁ። ያላወቀውን ዐውቄአለሁ አላለም፤ የሚመጣውንም ሰው ደጅ አልዘጋበትም።

አስተባባሪው ወጣት ግን አልተደሰተም። «ታዲያ ከእንግዲህ ይህ ቤት የቤተ ክርስቲያን ነው የሚባለው በምኑ ነው?» ብሎ እማሆይን ጠየቃቸው። እማሆይ አልመለሱለትም። ወደ ጓዳ ገብተው አንድ ጥቁር የሸክላ ድስት አወጡና አዛውንቱን ነጋዴ «ይህ የኛ ነው፤ የናንተን መቼ ታመጣላችሁ?» አሏቸው። ድስቱ በማግስቱ ከአልዩ አምባ በጭነት መኪና መጣ። በውስጡ አንድ ጣሳ የቆላ ማሽላ ነበረበት።

ቅጥሩ ሲወጣ ሴትየዋ አመለከተች፤ ተቀጠረች። ወለጋ ሳለች በየድግሱ እንጀራ የምትጋግረው እሷ ነበረች፤ እጇ ፈጣን ነው።

ከዚያ በኋላ በአንድ የታኅሣሥ ሌሊት የሕግ ባለሙያው መጣ። ማንም አልላከውም። ጨለማው አልገፈፈም፤ ውርጩ ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። በማዕድ ቤቱ ስንጥቅ የባሕር ዛፍ እሳት ይታያል። ሁለት ምጣድ ጎን ለጎን ተጥዷል። እማሆይ ማሰሻውን አሳርፈው «በስመ አብ» ብለው የመጀመሪያውን ሊጥ አፈሰሱ። ከአጠገባቸው ሴትየዋ «ቢስሚላህ» ብላ የራሷን አፈሰሰች። ሊጡ በሁለቱም ላይ ተንሿሿ። እማሆይ አክንባሎውን ከድነው «እሳቱን ወደኔ ትንሽ ግፊው ልጄ፤ ያንቺ በዝቷል» አሏት፤ ገፋችላቸው።

ሲነጋ ሰው ተሰለፈ። አስተባባሪው በሩ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ ገና እንደ ተቋጠረ ነው። በእጁ አዲስ ደብተር ይዟል። የሴትየዋ ልጅ ሳህኑን አቅፎ ተራው ደረሰ። አስተባባሪውን ሲያይ ወደ ኋላ አለ፤ አፉን ከፈተና ዘጋው፤ የትኛውን ስም እንደሚናገር የሚያሰላስል ይመስላል። አስተባባሪው እርሳሱን አነሣ።

«ስንት ናችሁ?» አለው።

«አራት» አለ ልጁ።